ጤነኛ የመሰለኝ ግራ ስፒከር፦ የአንድ ጥንድ ያገለገለ ሆርን የጥገና ታሪክ

«ቀኙ ጉንፋን ይዞታል» አሉኝ ጋሼ በስልክ። «ዘፋኟ አፍንጫዋን ይዛ የምትዘፍን ነው የሚመስለው። ግራው ግን ደህና ነው።»

ጋሼ የወዳጄ አባት ናቸው። ዕድሜያቸው 70 አልፏል። ከ40 ዓመት በላይ ያገለገሉ ሁለት ትልልቅ የሆርን ስፒከሮች (ድምፁን እንደ ጡሩምባ እየሰፋ በሚሄድ አፍ የሚያወጡ) ከገዙ ሦስት ሳምንታቸው ነበር። ስፒከሮቹ በሦስት የተከፈሉ ናቸው። ከታች ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ባለ 15 ኢንች ዉፈር አለ። መሀል ላይ የመካከለኛው ድምፅ ሆርን አለ። ከላይ ደግሞ ከ6 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ የሚይዝ ትንሽ የሆርን ትዊተር። የፋብሪካውን ስም አልጠቅስም። ችግሩ የዕድሜ ነው፤ በዚህ አሠራር የተሠራ ስፒከር ሁሉ ሲያረጅ ይገጥመዋል።

ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው ጥገናው ከባድ ስለነበር አይደለም። ጋሼ «ግራው ደህና ነው» ሲሉኝ አመንኳቸው። ስሰማውም ደህና መሰለኝ። ከዚያ ግራውን መለኪያ አድርጌ ቀኙን ማከም ጀመርኩ። የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው።

ከመፍታት በፊት

ቤት ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው አምፕሊፋየሩ ላይ ነው። የትሬብል (የቀጭኑ ድምፅ) ቁልፉ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል።

«ትንሽ ይሻለዋል ብዬ ነው» አሉ ጋሼ።

ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ አልፈርድበትም። ግን አደገኛ ነው። ትሬብሉን በ10 ዴሲቤል መጨመር ማለት ወደ ትዊተሩ የሚሄደውን ኃይል 10 እጥፍ ማድረግ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትዊተር ደግሞ ብዙ ዋት አይችልም። ውስጡ ያለው ሽቦ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ነው፤ ሲቃጠል ጭስም ሽታም ላያሳይ ይችላል። ቁልፉን ወደ መሀል መለስኩት። እስኪጠገን ድረስ እንዳይነኩት ለመንኳቸው።

ቀጥሎ የግራና የቀኝ ገመዶችን ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ አቀያየርኩ። ጉንፋኑ ቀኙ ስፒከር ላይ ቀረ። ይህ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው፤ አምፕሊፋየሩን፣ ማጫወቻውንና ቅጂውን በአንድ ጊዜ ከጥርጣሬ ነፃ ያወጣል። ችግሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ጋሼ ራሳቸው ያገኙት መፈተሻ ግን ከእኔ ይበልጥ ነበር። ሙዚቃውን ትተው ዜና ከፈቱልኝ። «ሰ»ን ስማት አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። «ሰ» ስትባል የምትወጣው ፉጨት አብዛኛው ጉልበቷ ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ነው። «ሸ» ዝቅ ትላለች፤ ከ2 እና 3 ኪሎኸርዝ አካባቢ ትጀምራለች። በቀኙ ስፒከር «ሽልማት» ጥርት ብሎ ይሰማል። «ሰላም» ሲባል ግን የመጀመሪያዋ ፊደል ትሟሟለች። እንግዲህ መካከለኛው ሆርን በሕይወት አለ። የጠፋው የትዊተሩ ድርሻ ነው። አማርኛ ለሚሰማ ሰው ከዚህ የተሻለ ነፃ መመርመሪያ አላውቅም።

ዕድሜ የጆሮን ከፍተኛ ክልል አስቀድሞ እንደሚወስድ የታወቀ ነው። አንድ የ70 ዓመት ሰው 14 ኪሎኸርዝን ባይሰማ አይገርምም። ለዚህ ነው «የጋሼ ጆሮ ይሆናል» ብሎ ቤተሰቡ ያለፈው። «ሰ» ያለችበት ክልል ግን ከዚያ በብዙ ይወርዳል፤ እሳቸውም አልተሳሳቱም።

ሆርን ለምን ያሳስታል

ስለ ሆርን አንድ ነገር ካላወቁ የቀረው አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አምፕሊፋየሮች የሚያወጡት ጥቂት ዋት ብቻ ነበር። በዚያ ጉልበት የሲኒማ አዳራሽ መሙላት ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1926 ዌስተርን ኤሌክትሪክ ያወጣው 555 የሚባለው ድራይቨር ለዚህ የተሠራ ነው። አንዲት ትንሽ ዲያፍራም (የምትርገበገብ ስስ ሽፋን) በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ አየሩን ትገፋለች። ሆርኑ ያንን ግፊት ቀስ እያለ እየሰፋ ወደ ክፍሉ ያደርሰዋል። ጉልበቱ ሳይባክን ይደርሳል። ተራ የቤት ስፒከር በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት 86 ወይም 88 ዴሲቤል ሲያወጣ፣ ትልቅ ሆርን 100 እና ከዚያም በላይ ያወጣል።

በዚህ የተነሳ የሆርን ስፒከር ታሞም ይጮኻል። ዉፈሩና መካከለኛው ክፍሉን ሲሞሉት፣ ላይኛው አንድ ሦስተኛ መጉደሉን ጆሮ ቶሎ አያስተውልም። «ለስላሳ ነው»፣ «የድሮ ድምፅ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ያገለገሉ ሆርኖችን ሰምተው ድምፃቸው ሲፈጥራቸው እንዲህ ድፍን ያለ ነው ብለው የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። ያሳዝነኛል፤ ደህና የሆነ ሆርን ድፍን አይደለም።

ቀኙ ዳነ፤ ግራው ታመመ

አንድ ክንድ የሚያህል የፕላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ ከጆሮዬ፣ ሌላውን ከትዊተሩ አፍ አስጠጋሁ። በዚህ መንገድ የሌላው ድምፅ ሳይረብሽ ትዊተሩን ብቻ ማዳመጥ ይቻላል። ግራው ይናገራል። ቀኙ ያንሾካሽካል።

ከሳጥኑ ጀርባ የትዊተሩን ድምፅ መቀነሻ ቁልፍ አለ። ኤል-ፓድ ይባላል። ወደ ትዊተሩ ከሚሄደው የተወሰነውን ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ክሮስኦቨሩ (ድምፁን ለዉፈሩ፣ ለመካከለኛውና ለትዊተሩ የሚያከፋፍለው ሰሌዳ) ግን ሁልጊዜ ያው 8 ኦም መቋቋም እንዲታየው ያደርጋል። የቀኙን ስነካው ተንኮሻኮሸ። ትንሽ ሳዞረው ትዊተሩ ድንገት «ጭው» ብሎ ወጣ። ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እጄን ሳነሳ ተመልሶ ጠፋ።

አምፕሊፋየሩን አጥፍቼ ቁልፉን ፈታሁት። ውስጡ የተጠመጠመ ሽቦ አለ፤ በላዩ የምትንሸራተት የነሐስ ምላስ አለች። ምላሷ ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ ቆማለች። ከሥሯ ያለው ሽቦ አረንጓዴና ጥቁር ሆኗል። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ከ1 ኦም በታች ማሳየት የነበረበት መገናኛ በመልቲሜትር 20 ኦም አሳየኝ። ከ8 ኦም ትዊተር ፊት 20 ኦም ሲቆም 11 ዴሲቤል ያህል ይበላል። በቃ፣ ጉንፋኑ ይኸው ነው አልኩ።

የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ረጨሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሠላሳ ጊዜ ያህል አዟዟርኩት። እንደገና ስለካው ከ1 ኦም በታች ወረደ። መለስኩት፣ ዜናውን ከፈትን። «ሰ» መጣች። ጋሼ ሳቁ። እኔም ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ያስቆሙኝ እሳቸው ናቸው። «አሁን ደግሞ ግራው ደብዘዝ አለብኝ» አሉ።

ተቀምጬ አዳመጥኩ። ልክ ናቸው። የታመመው ስፒከር ተጠግኖ ጤነኛውን በለጠ። እንዲህ ሊሆን የሚችለው ጤነኛው ጤነኛ ካልነበረ ብቻ ነው። የግራውንም ኤል-ፓድ አጸዳሁ። ትንሽ ተሻለው፤ ቢበዛ 1 ዴሲቤል። አሁንም ከቀኙ ወደ ኋላ ቀረ።

ያኔ ነው ሌላ ጥያቄ የመጣብኝ። ግራው ከቀኙ ጋር ሲወዳደር ጤነኛ ከመሰለኝ፣ ቀኙስ አሁን ጤነኛ የመሰለኝ ከግራው ጋር ስለማወዳድረው ቢሆንስ? ክፍሉ ውስጥ የማምነው መለኪያ የለኝም። የጆሮ ማዳመጫዬን አውጥቼ ያንኑ ዘፈን ሰማሁ። የሲምባሉ ጭራ፣ የዘፋኟ ትንፋሽ፣ ጣት ከክር ሲላቀቅ የሚወጣው ትንሽ ድምፅ ሁሉም አሉ። በሁለቱም ስፒከሮች ላይ ግን የሉም።

መለካት

በማግስቱ የመለኪያ ማይክሮፎንና ላፕቶፕ ይዤ ተመለስኩ። ማይክሮፎኑን ከትዊተሩ ፊት ለፊት፣ በቁመቱ ልክ፣ 1 ሜትር አርቄ አቆምኩት። ሆርን ድምፁን ወደ ፊት ስለሚሰበስብ ከፍታው ከተዛነፈ ልኬቱ ውሸት ይሆናል። ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ድምፅ እየለቀቅኩ ሁለቱንም በየተራ ለካሁ።

ግራፉ ላይ ያየሁት ይህን ነው። እስከ 6 ኪሎኸርዝ ሁለቱም ተመሳሳይ ናቸው። ከዚያ በላይ ቀኙ ከመካከለኛው ሆርን በ3 ዴሲቤል ይወርዳል። ግራው በ7 ይወርዳል። አንዱ ከሌላው የ4 ዴሲቤል ልዩነት አለው፤ ሁለቱም ደግሞ የጋራ የሆነ የ3 ዴሲቤል ጉድለት አለባቸው። አንድ በሽታ ሳይሆን ሁለት ናቸው። አንዱ የሁለቱም ነው፣ ሌላው የግራው ብቻ።

የሁለቱም በሽታ፦ ካፓሲተሩ

ክሮስኦቨሩን ከነሰሌዳው አወጣሁት። ምንም ከመንካቴ በፊት ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አነሳሁ። ይህን ልምድ ያስያዘኝ ከዓመታት በፊት የየትኛው እንደሆነች የጠፋችኝ አንዲት ሽቦ ናት።

ወደ ትዊተሩ የሚወስደው መስመር ላይ ዘይትና ወረቀት ያለበት የቆርቆሮ ካፓሲተር ተሰክቷል። ወፍራሙን ድምፅ አግዶ ቀጭኑን ወደ ትዊተሩ የሚያሳልፈው እሱ ነው። ላዩ 2 ማይክሮፋራድ ይላል። አንዱን እግር ከብየዳው ነቅዬ ስለካ ቀኙ 2.1፣ ግራው 2.2 አሳዩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ካፓሲተሩ ደህና ነው» ብሎ ይዘጋዋል። መልቲሜትሩ አይዋሽም፤ የጠየቅነውን ብቻ ነው የሚመልሰው። የጠየቅነው ምን ያህል ቻርጅ ይይዛል ብለን ነው። መጠየቅ የነበረብን በውስጡ ሲያልፍ ምን ያህል ይጎትታል ብለን ነው። ካፓሲተር ሲያረጅ መጠኑ ሳይለወጥ ውስጣዊ መቋቋሙ ሊጨምር ይችላል።

ይህን መቋቋም በሚለካ ኤልሲአር ሜትር በ10 ኪሎኸርዝ ለካሁት። ቀኙ 3.4 ኦም፣ ግራው 2.9 ኦም። አዲስ የፖሊፕሮፒሊን ካፓሲተር ከ0.1 ኦም በታች ነው። ከ8 ኦም ትዊተር ፊት 3.4 ኦም ሲቆም የሚጠፋው 3 ዴሲቤል ገደማ ነው። ከግራፉ ጋር ገጠመ። ሒሳቡና ማይክሮፎኑ አንድ ነገር ሲናገሩ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ ግምት የለም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምለምነው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ በፊት የተሠሩ የቆርቆሮ ካፓሲተሮች ውስጥ ያለው ዘይት ፒሲቢ የሚባለው መርዛማ ኬሚካል ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ማምረቱን እ.ኤ.አ. በ1979 ከልክላለች። ቆርቆሮውን አትብሱት፣ አትሰንጥቁት። ዘይት ካረጠበው በባዶ እጅ አትንኩት። ከተራ ቆሻሻ ጋርም አትጣሉት። እኔ ጓንት አድርጌ ነቀልኳቸው፣ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ለአደገኛ ቆሻሻ ሰብሳቢ አስረከብኩ።

ያስገባሁት 2 ማይክሮፋራድ፣ 400 ቮልት የሚችል ፖሊፕሮፒሊን ነው። በሁለቱም ሳጥን፣ አንድ ዓይነት። ቁጥሩን አልለወጥኩም። «ትንሽ ከፍ ብናደርገው ቀጭኑ ይጨምር ይሆን?» የሚል ሰው አይጠፋም። የሚጨምረው ግን ትዊተሩ ሊሸከመው የማይገባውን ዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ ትዊተሩን ያደክመዋል። ስለካ ሁለቱም በ3 ዴሲቤል ያህል ከፍ አሉ። ቀኙ ሞላ። ግራው 4 ዴሲቤል ቀረው።

የግራው በሽታ

ትዊተሮቹን አቀያየርኩ። የግራውን ቀኝ ሳጥን ውስጥ፣ የቀኙን ግራ ውስጥ። ጉድለቱ ከትዊተሩ ጋር አብሮ ሄደ። ስለዚህ የቀረው ችግር ክሮስኦቨሩ ሳይሆን ትዊተሩ ራሱ ነው።

በመልቲሜትር ሁለቱም 6 ኦም አካባቢ ናቸው፤ ለ8 ኦም ትዊተር የተለመደ ቁጥር ነው። ግን ይህ የሚነግረን ሽቦው አለመበጠሱን ብቻ ነው። ዲያፍራሙ እንደ ልቡ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ አይናገርም። ድምፁን በጣም ቀንሼ ከ2 ኪሎኸርዝ ጀምሮ ወደ ላይ ስወጣ በግራው ውስጥ ስስ መንሿሿት ሰማሁ። ወረቀት በጥፍር ሲፈገፈግ የሚመስል። ይህን ስሞክር መከላከያ ካፓሲተሩን አልነቀልኩም። ትዊተርን ያለ ካፓሲተር ከአምፕሊፋየር ጋር ማገናኘት በአንድ ስህተት ይጨርሰዋል።

የኋላውን ሽፋን ሳገላብጠው ታሪኩ ተገለጠ። ከአራቱ ብሎኖች የሁለቱ ራስ በካቻቢቴ ተፋቅቷል። ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ከእኔ በፊት የከፈተው ሰው አለ። ሲዘጋው ዲያፍራሙን መሀል አላስቀመጠውም። ቮይስ ኮይሉ (ከዲያፍራሙ ጋር የተያያዘው የሽቦ ጥቅል) በአንድ በኩል የማግኔቱን ግድግዳ እየነካ ኖሯል። ቫርኒሹ በዚያ በኩል ተፍቆ መዳቡ ያበራል፤ ርዝመቱ የስንዴ ፍሬ ያህል ነው። ክፍተቱ ውስጥ ደግሞ የብረት ብናኝ ገብቷል። በማግኔቱ ጉልበት እንደ ጢም ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ብናኙ በአየር አይወጣም፤ ማግኔቱ አይለቀውም። ማስኪንግ ቴፕ ወስጄ ሙጫው ወደ ውጭ እንዲሆን አጠፍኩት። በቀጭን የፕላስቲክ ካርድ ጫፍ ላይ ጠቅልዬ ክፍተቱን ዙሪያውን ሄድኩበት። በመጀመሪያው ዙር ቴፑ ጠቆረ። አሥራ አንድ ቁራጭ ፈጀሁ። የመጨረሻው ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ ተውኩት።

የድሮውን ዲያፍራም መልሶ ማስተካከል ይቻል ነበር። የተፋቀ ኮይል ግን አላመንኩትም፤ አንድ ቀን ሾርት ያደርጋል። ለዚያ ሞዴል የሚሆን አዲስ ጥንድ ዲያፍራም አስመጣን። ለሁለቱም ትዊተሮች አንድ ላይ፣ ምክንያቱም አንዱ አዲስ ሌላው የ40 ዓመት ሆኖ ጥንድ አይሆንም። ጋሼ «ቀኙ ደህና አይደለም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «ግራውንም እንዲሁ ነበር የምንለው» አልኳቸው። ዝም አሉ፤ ከዚያ «ይሁን» አሉ።

ሲገጠም ትዕግሥት ይፈልጋል። ብሎኖቹን ሳላጠብቅ ዝቅ ያለ ድምፅ እየለቀቅኩ ዲያፍራሙን በጣቴ ጫፍ ትንሽ በትንሽ ገፋሁት። መንሿሿቱ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋበት ቦታ አለ፤ ጠባብ ነው። እዚያ ሲደርስ ብሎኖቹን በመስቀል፣ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያልኩ አጠበቅኩ። አንዱን አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ዲያፍራሙን ያዛንፈዋል። የቀደመው ሰው የተሳሳተው እዚህ ይመስለኛል።

የፕላስና የማይነሱን ነገር በዓይን ማረጋገጥ አይቻልም፤ የትዊተር እንቅስቃሴ አይታይም። ሽቦዎቹን በሁለቱም አቅጣጫ እያገናኘሁ ለካሁ። በአንደኛው አገናኝ 6 ኪሎኸርዝ አካባቢ ጉድጓድ ተፈጠረ፤ ትዊተሩና መካከለኛው እርስ በርስ እየተጣሉ ነው። ሲገለበጥ ጉድጓዱ ሞላ። ያንን ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ

የመጨረሻው ልኬት ከ2 እስከ 15 ኪሎኸርዝ በግራና በቀኝ መካከል ከ1.5 ዴሲቤል ያልበለጠ ልዩነት አሳየ። ለዚህ ዕድሜ ስፒከር በጣም አሪፍ ነው።

ጋሼ መጀመሪያ አልወደዱትም። «በዛ፤ ይወጋል» አሉ። ገባኝ። ለሦስት ሳምንት ጆሯቸው ድፍኑን ለምዶ ነበር። የአምፕሊፋየሩ ትሬብል መሀል ላይ ነው፣ ኤል-ፓዶቹም የፋብሪካው ምልክት ላይ ናቸው። አንድ ሳምንት ምንም ሳይነኩ እንዲያዳምጡ፣ ከዚያ ካልተስማማቸው በኤል-ፓዱ እንዲቀንሱ ነገርኳቸው።

በስምንተኛው ቀን ደወሉ። አንድ ጭረት ብቻ ነው የቀነሱት። ከስልኩ ጀርባ ዜና ይሰማል።

«ቁልፉን በየወሩ ከጫፍ ጫፍ አንዴ ያዙሩትና ወደ ምልክቱ ይመልሱት» አልኳቸው። «ምላሷ አንድ ቦታ ላይ እንዳትዝግ።»

«ጻፍኩት» አሉ። «ከጀርባው ለጥፌዋለሁ።»